ከቁሉምሳ ማሳ እስከ ኮንትሮለር፤ የፍተሻ ታሪክ በአርሲ ደጋና በኮምፒዩተር ዓለም

ወርቅ በእሳት ይፈተናል፤ ሰውም በመከራ ይፈተናል። የሰው እጅ የሠራው ነገርስ በምን ይፈተናል? ይህ ጥያቄ ለመሐንዲስ አዲስ አይደለም። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ከሚያፈሰው ኮንክሪት ናሙና ወስዶ በመጭመቂያ መሣሪያ እስኪሰበር ድረስ ይለካዋል። የእንፋሎት ጋን የሚተክልም እሳት ከማንደዱ በፊት በውሃ ግፊት ይፈትነዋል። ይህን ሳያደርግ ሥራውን የሚያስረክብ ባለሙያ ቢገኝ የሙያ ጓደኞቹ ሁሉ ይፈርዱበታል። ይሁን እንጂ በዛሬው ጊዜ የብዙ ሚሊዮን ሰዎችን ገንዘብ፣ መዝገብና መብት በውስጡ የያዘው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለአገልግሎት ሲቀርብ እንዴት እንደ ተፈተሸ የሚጠይቀው ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

ጥያቄው የቅንጦት አለመሆኑን አገሪቱ በአንዲት ሌሊት አይታዋለች። መጋቢት 6 ቀን ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ የሚችሉበት ሁኔታ ተፈጠረ። ወሬው በስልክ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛመት በገንዘብ መክፈያ መሣሪያዎች ፊት በተለይም በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ ረዣዥም ሰልፎች ታዩ። ባንኩ በኋላ እንደ ገለጸው ነገሩ ከሥርዓቱ የማሻሻያና የጥገና ሥራ ጋር የተያያዘ ስሕተት እንጂ ከውጭ የተሰነዘረ ጥቃት አልነበረም። ያለአግባብ የተወሰደውም ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑ ተነገረ። የአብዛኛው ገንዘብ መመለስ መልካም ነው። ለመሐንዲሱ የሚቀረው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፤ «አይቻልም» ማለት የነበረበት አንድ የፕሮግራም ክፍል ለጥቂት ሰዓታት «አይቻልም» ሳይል ቀርቷል።

ጥያቄን ተቀብሎ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» የሚለውን ክፍል ደጋግሞ የመፈተሽ ሙያ በኮምፒዩተር ዓለም የራሱ ታሪክ አለው። ነገር ግን አዲስን ነገር ለሕዝብ ከማስረከብ በፊት በሥርዓት የመፈተን ልማድ በኢትዮጵያ ከኮምፒዩተር ቀድሞ የገባ ነው። ከዋና ዋና መነሻዎቹም አንዱ በአርሲ ደጋ በአሰላ ይገኛል። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጦ መመልከት የፕሮግራም ባለሙያው በባዕድ መጻሕፍት ብቻ የሚያገኘው የሚመስለውን ትምህርት በአገሩ አፈር ላይ ተጽፎ እንዲያገኘው ያደርጋል።

አሰላና ካዱ

አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ከተማ ናት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት የተራራው ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚወጣ መንገደኛ በመጀመሪያ የዴራን ቆላማ ሜዳ፣ ቀጥሎ በ2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ቁሉምሳን ያያል። ከአሰላም አልፎ ወደ ደቡብ ሲጓዝ የበቆጂንና የሜራሮን ብርዳም ደጋ ያገኛል። በጥቂት ሰዓት ጉዞ ውስጥ የአየሩ ጠባይ፣ የአፈሩ ዓይነትና የሰብሉ ሁኔታ ይለዋወጣል። ይህ የተፈጥሮ አቀማመጥ አካባቢውን ሰፊ የመፈተኛ ስፍራ አድርጎታል።

በ1959 ዓ.ም. ማብቂያ የኢትዮጵያ መንግሥትና የስዊድን መንግሥት በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ካዱ» እያለ የሚጠራው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን በአሰላ አድርጎ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ስዊድናዊው ቤንግት ኔክቢ ነበሩ። ካዱ ሥራውን የጀመረበት ሐሳብ ቀላል ቢመስልም ለዘመኑ አዲስ ነበር። ይኸውም ለገበሬው የሚሰጥ ዘርም ሆነ ማዳበሪያ፣ ከብትም ሆነ የእርሻ መሣሪያ በሌላ አገር መልካም ሆኖ መገኘቱ ብቻ በቂ አይደለም፤ በዚያው በጭላሎ አፈርና አየር ላይ ተሞክሮ መታየት አለበት የሚል ነው። ዘር በቁሉምሳ ይሞከርና ይባዛ ነበር። ውጤቱ ሲታወቅ በሠርቶ ማሳያ ማሳዎችና በሞዴል ገበሬዎች አማካይነት ለሕዝብ ይደርሳል፤ ብድርና ገበያም ይከተላሉ። በዚህ ሙከራ ጠቃሚነታቸው ከሁሉ በላይ ጎልቶ የታየው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በ1963 ዓ.ም. ገደማ ለተጀመረው የአነስተኛ ፓኬጅ ፕሮግራም መነሻ ሆነው ወደ ሌሎች አውራጃዎች ተሸጋገሩ።

ማረሻውና ትራክተሩ

በካዱ ውስጥ የእርሻ መሣሪያዎችን የሚመረምርና የሚፈትሽ ክፍል ነበር። ከውጭ የመጡ የብረት ማረሻዎች፣ ጓል የሚከሰክሱ ባለጥርስ መሣሪያዎችና በበሬ የሚጎተቱ ጋሪዎች በዚህ ክፍል ተሞከሩ፤ አንዳንዶቹም ተሻሽለው ተሠሩ። የዚህ ዓይነት ፍተሻ የሚጠይቀው ግልጽ ነው። መሣሪያው ምን ያህል ጥልቀት ያርሳል? በሬዎቹ ምን ያህል ኃይል ያወጣሉ? አንድን ጥማድ መሬት ለመጨረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሲሰበርስ ማን ይጠግነዋል?

አፈርን የሚገለብጠው የብረት ማረሻ በጥልቀትና አረምን በመቅበር ከአገሩ ማረሻ ይበልጣል። ይሁን እንጂ የአገሩ ማረሻ በቀላሉ የሚሸነፍ አልሆነም። ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ድግሩንና እርፉን ገበሬው ራሱ ከጫካ ቆርጦ ይጠርባቸዋል፤ ብረቱንና ወገሉን የሰፈሩ ቀጥቃጭ ይሠራለታል። ሥራው ሲያበቃ ሁሉንም በትከሻው ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። ክረምቱ መግቢያ ላይ መኖ ባነሰበት ወራት የከሱ በሬዎች ቀላሉን ይጎትታሉ፤ ከባዱን ግን አይችሉም። በምርምር ጣቢያ ደልዳላ ማሳ ላይ በጠገቡ በሬዎች የሚካሄድ ፍተሻ እነዚህን ጥያቄዎች አይጠይቅም። ለጣቢያው ጥያቄ መልስ የሆነ መሣሪያ ለገበሬው ጥያቄ መልስ ላይሆን እንደሚችል የአርሲ ደጋ በዚህ መንገድ አስተማረ።

የትራክተሩ ታሪክ ከዚህ የባሰ ነው። በቴክኒክ በኩል ትራክተር የሚነቀፍበት ምክንያት አልነበረም። ሰፊው የአርሲ ሜዳ ለእርሱ ተስማሚ ነው፤ አዲሱ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያም እርሻን አትራፊ አድርገውታል። ነገር ግን በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ መሬቱ የባለርስቱ፣ ጉልበቱ የጭሰኛው ነበር። እርሻ ማትረፉን ያየ ባለርስት ትራክተር ገዛ ወይም ተከራየ፤ ጭሰኛውንም አስነሣ። ብዙ ጭሰኞች አባቶቻቸው ካረሱት መሬት ተፈናቅለው ሄዱ። ካዱ የተቋቋመው ለአነስተኛው ገበሬ ሲሆን የሥራው ፍሬ በከፊል አነስተኛውን ገበሬ የሚያስለቅቅ ሆነ። ድርጅቱ ነገሩን ከተረዳ በኋላ ብድሩን ለአነስተኛ ገበሬዎች ለመወሰንና የትራክተርን መስፋፋት ላለማበረታታት ሞከረ፤ ሆኖም የመሬት ይዞታውን ሥርዓት የመለወጥ ሥልጣን አልነበረውም። የባለርስትና የጭሰኛ ግንኙነት የተሻረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ትራክተሩ በምርት መለኪያ ፈተናውን አልፎ ነበር። ፈተናው ያልጠየቀው ምርቱ የማን እንደሚሆን ነው።

ከአዋጁ በኋላ ካዱ ሥራውን ወደ መላው አርሲ አስፋፍቶ «አርዱ» ተባለ። በአሰላ የተጀመረውም የእርሻ መሣሪያ ምርምር ልዩ ልዩ የድርጅት ለውጦችን አልፎ ዛሬ በኦሮሚያ የግብርና ምርምር ሥር በአሰላ የግብርና ምሕንድስና ምርምር ማዕከልነት ቀጥሏል።

ስንዴና ዋግ

የፍተሻን ምንነት ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የስንዴው ታሪክ ነው። የስንዴ ጠላት ዋግ ነው፤ በተለይም የግንድ ዋግና ቢጫ ዋግ። ዋግ በነፋስ የሚጓዝ፣ ጠባዩንም የሚለዋውጥ የሻጋታ ዘር ነው። ዛሬ ዋግን የሚቋቋም ስንዴ ነገ አዲስ የዋግ ዝርያ ሲመጣ መቋቋም ያቅተዋል።

ላቀች የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በግንድ ዋግ ተመትቶ ከእርሻ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1974 የተለቀቀው እንኮይ ተተክቶ ለሃያ ዓመታት ያህል ገበሬውን አገለገለ፤ በ1993 እና በ1994 ግን በአርሲና በባሌ የተነሣው የግንድ ዋግ ወረርሽኝ እንኮይንም ጣለው። ከዚያ ቀደም በ1988 ዳሽን የተባለው ዝርያ በቢጫ ዋግ ተጎድቶ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወጥቶ እጅግ የተስፋፋው ኩብሳ ደግሞ በ2010 በተነሣው ታላቅ የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ ተመታ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለፍተሻ ባለሙያ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በኡጋንዳ ተለይቶ የታወቀውና ዩጂ 99 የተባለው የግንድ ዋግ ዝርያ የዓለምን የስንዴ አምራቾች ሁሉ አስደንግጦ ነበር። በኢትዮጵያም ተመራማሪዎች ዝርያዎችን በዚህ ዋግ ፊት ሲፈትኑ ቆይተዋል። በ2005 የተለቀቀውና ከአሰላ በስተደቡብ በምትገኘው ወረዳ ስም የተጠራው ዲገሉ ሁለቱንም ፈተናዎች አለፈ፤ ዩጂ 99ንም ቢጫ ዋግንም የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከ2010 ወረርሽኝ በኋላ ገበሬው በዲገሉ ላይ ተማምኖ በሰፊው ዘራው። እ.ኤ.አ. በ2013 ማብቂያ ግን ቲ ኬ ቲ ቲ ኤፍ በሚል የመለያ ኮድ የሚታወቅ ሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ በባሌና በአርሲ ተነሣ። ይህ ዝርያ ከዩጂ 99 ወገን አይደለም፤ ዲገሉ የተመካበትን የመከላከያ ዘረመል ግን የሚያልፍበት መንገድ ነበረው። ሊታጨድ የደረሰ ስንዴ ከሥሩ ጠቆረ፤ በአንዳንድ ማሳዎች አንድ ቁና እንኳ ሳይገኝ ቀረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያጠፋ ሰው የለም። ፈተናው በትክክል ተካሂዷል፤ ዲገሉም የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። ነገር ግን ፈተና የሚመሰክረው በተጠየቀው ጥያቄ ልክ ብቻ ነው። «ይህ ስንዴ እነዚህን የታወቁ ዋጎች ይቋቋማል» ማለትና «ይህ ስንዴ ዋግን ይቋቋማል» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የከፈለው ገበሬው ነው።

በቁሉምሳና በዙሪያው ያሉት መፈተኛዎች የሚከተሉት ሥርዓት ግን ብዙ ጥበብ አለበት። ከዚህም ሦስቱን መጥቀስ ይበቃል። አንደኛ፣ ፈተናው በአንድ ቦታ አይወሰንም። ሙቀትና ዝናብ እጥረት ያለበት ዴራ፣ መካከለኛው ቁሉምሳ፣ አሳሳ፣ ከፍተኛው በቆጂና ቢጫ ዋግ የሚበረታበት ሜራሮ ሁሉም የየራሳቸውን ጥያቄ ይጠይቃሉ። ሁለተኛ፣ በሚፈተኑት ዝርያዎች መካከል በዋግ በቀላሉ የሚጠቃ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ስንዴ ይዘራል። ይህ ስንዴ ሁለት አገልግሎት አለው፤ በሽታውን ወደ ጎረቤቶቹ ያዛምታል፣ በሽታው በማሳው ውስጥ በእርግጥ መኖሩንም ይመሰክራል። እርሱ ካልታመመ የሌሎቹ ጤንነት ምንም ማስረጃ አይሆንም። ሦስተኛ፣ አንድ ዝርያ በጣቢያ ውስጥ ከተመሰገነ በኋላም በገበሬዎች ማሳ ላይ ተዘርቶ የዝርያ አጽዳቂ ኮሚቴ ሳያየው አይለቀቅም።

ኮንትሮለር ምንድን ነው?

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንመለስ። በኢንተርኔት አማካይነት አገልግሎት የሚሰጥ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ በሦስት ክፍሎች ይደራጃል። አንደኛው መዝገቡንና ደንቡን የሚይዘው ሞዴል ነው። ሁለተኛው ለተጠቃሚው ዓይን የሚታየው ገጽ ነው። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል የሚቆመው ኮንትሮለር ነው። ይህን አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1979 ያፈለቀው በአሜሪካ የዜሮክስ የምርምር ጣቢያ በእንግድነት ይሠራ የነበረው ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ ነው።

ኮንትሮለርን በመሥሪያ ቤት መስኮት ላይ እንደ ተቀመጠ ጸሐፊ መቁጠር ይቻላል። ባለጉዳይ ማመልከቻ ይዞ ይቀርባል። ጸሐፊው ባለጉዳዩ ማን መሆኑን ይጠይቃል፤ ማመልከቻው የተሟላ መሆኑን ያያል፤ መዝገብ ቤቱን ያማክራል፤ በመጨረሻም መልሱን በወረቀት ይሰጣል። ጸሐፊው ደንብ አያወጣም፤ መዝገብም አይሰርዝም። ነገር ግን እርሱ ከተሳሳተ ትክክለኛው ደንብና ትክክለኛው መዝገብ ለባለጉዳዩ ምንም አይጠቅሙትም።

ለምሳሌ በአሰላ ያለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን አባላቱ የማዳበሪያ ጥያቄያቸውን በስልክ የሚያቀርቡበት አገልግሎት አቋቋመ እንበል። የኮንትሮለሩ አውቶማቲክ ፍተሻ ማለት እውነተኛ ገበሬ ሳይጠበቅ የሐሰት ጥያቄዎችን አዘጋጅቶ ወደ ኮንትሮለሩ የሚልክና መልሱን ከሚጠበቀው ጋር የሚያስተያይ ሌላ ፕሮግራም ማለት ነው። መጀመሪያ የተመዘገበ አባል ሦስት ኩንታል ይጠይቃል፤ ኮንትሮለሩ ተቀብሎ በመዝገቡ ላይ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ አዲስ መስመር መጻፍ አለበት። ቀጥሎ ማንነቱን ያላስታወቀ ሰው ይጠይቃል፤ ወደ መግቢያው ገጽ መመለስ አለበት፤ መዝገቡም እንደ ነበረ መቆየት አለበት። ቀጥሎ አንድ አባል በጎረቤቱ ስም ይጠይቃል፤ መልሱ በቁጥር 403 የሚታወቀው የክልከላ መልስ መሆን ይገባዋል። ቀጥሎ «ሲቀነስ ሦስት ኩንታል» የሚል ጥያቄ ይላካል፤ ምክንያቱ ተገልጾ ውድቅ መሆን አለበት። በመጨረሻም መስመሩ ደካማ ስለ ሆነ ገበሬው ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተጫነ ይባላል፤ ሁለት ማመልከቻ ቢደርስም መዝገቡ አንዱን ብቻ መያዝ አለበት።

የአገሩ ሁኔታ የሚጨምረው ጥያቄም አለ። ባዕድ አገር የተጻፉ ብዙ የፕሮግራም መሣሪያዎች ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ መሆኑን ነው የሚያውቁት። ጳጉሜን 6 ቀን በ2015 ዓ.ም. ነበረ፤ በ2016 ዓ.ም. ግን አልነበረም። የመጀመሪያውን ቀን ተቀብሎ ሁለተኛውን የማይቀበል መሆኑ ያልተፈተሸ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ምድር ተፈትሿል ሊባል አይችልም። ስለ ቀኑ የሚወስነው ደንብ በሞዴሉ ዘንድ ቢቀመጥም፣ የተሳሳተውን ቀን ያቀረበው ሰው በሚገባው ቋንቋ መልስ ማግኘቱን ማረጋገጥ የኮንትሮለሩ ፈተና ነው።

ይህን ሁሉ ሰው በእጁ ሊሞክረው ይችላል፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶችም ዛሬ እንዲሁ ያደርጋሉ። ችግሩ ሰው ይሰለቻል። የመጀመሪያውን ቀን ሃያውንም ጥያቄ ይሞክራል፤ ወር ሲሞላ አምስቱን፤ በዓል ሲቃረብና ሥራው ሲቸኩል አንዱንም። ኮምፒዩተር ግን አይሰለችም። ከፕሮግራሙ አንድ መስመር በተለወጠ ቁጥር ሃያውን ጥያቄ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ደግሞ ይጠይቃል።

የፕሮግራም ፍተሻ እንዴት አደገ?

የፕሮግራም ሥራ እንደ ምሕንድስና መታየት እንደሚገባው በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1968 በጀርመን ጋርሚሽ ከተማ በተደረገው ጉባኤ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሮም ላይ በተደረገው ጉባኤ ኔዘርላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ ፍተሻ የስሕተትን መኖር እንጂ አለመኖሩን ሊያረጋግጥ እንደማይችል አስገነዘበ። የዲገሉን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ1994 አሜሪካዊው ኬንት ቤክ ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ራሱ ፈተናዎቹንም በዚያው በፕሮግራሙ ቋንቋ የሚጽፍበትን ቀላል ዘዴ አሳተመ። በ1997 ቤክና ስዊዘርላንዳዊው ኤሪክ ጋማ ከዙሪክ ወደ አሜሪካ በአውሮፕላን ሲጓዙ ጄዩኒት የተባለውን መሣሪያ ጻፉ፤ ዘዴው ከዚያ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ሁሉ ተዛመተ። በ2004 ይፋ የሆነው ሬይልስ የተባለ የድረ ገጽ ፕሮግራም መሥሪያ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኮንትሮለር የፈተና ቦታ አስቀድሞ እያዘጋጀ መስጠት ጀመረ። በዚህም ብዙ ወጣት ባለሙያዎች ፍተሻን እንደ ተጨማሪ ሸክም ሳይሆን እንደ ሥራው አካል ለመዱት።

ይሁን እንጂ በዚህም መንገድ ላይ እንቅፋት ተገኘ። የመጀመሪያዎቹ የኮንትሮለር ፈተናዎች ኮንትሮለሩን ከአካባቢው ለይተው ውስጡን እየከፈቱ ያዩ ነበር። በእውነተኛው የገንዘብ መክፈያ ወይም የመልእክት መላኪያ ምትክ አስመሳይ ይቆማል፤ አስመሳዩም ሁልጊዜ የተፈለገውን መልስ ይሰጣል። ስለዚህ ፈተናው ያለፈ ፕሮግራም በተጠቃሚው እጅ ሲገባ የሚሰበርበት ጊዜ ነበር። በተገላቢጦሽም ለተጠቃሚው ምንም ሳይጓደል የውስጥ አሠራሩ ስለ ተሻሻለ ብቻ ፈተናው የሚወድቅበት ጊዜ ነበር። ከዚህ የተነሣ በ2016 የወጣው የሬይልስ አምስተኛ እትም የኮንትሮለርን ውስጥ መመልከቱን ትቶ ሙሉ ጥያቄ ከውጭ ልኮ ሙሉ መልስ የመቀበልን ዘዴ አስቀደመ። ይህ ማለት ፈተናው ከጣቢያው ማሳ ወጥቶ ወደ ገበሬው ማሳ ቀረበ ማለት ነው።

ሁለቱ ታሪኮች የሚገናኙበት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የአገራችን ሰው። የፍተሻ ሙያ ይህን ጥርጣሬ ወደ ሥርዓት መለወጥ ነው። የአርሲ ደጋ ታሪክ ለዚህ ሥርዓት አራት ምክሮችን ይሰጣል።

የመጀመሪያው፣ የፈተናው ቦታ እውነተኛውን ቦታ መምሰል አለበት። በአዲስ አበባ ቢሮ በፈጣን መስመር የተሞከረ አገልግሎት በበቆጂ ገበያ በደካማ መስመርና በአሮጌ ስልክ አልተሞከረም። ሁለተኛው፣ ፈተናው ሊወድቅ የሚችል መሆኑ መታየት አለበት። በማሳው መካከል የሚዘራው በቀላሉ የሚታመም ስንዴ ለፕሮግራም ባለሙያም ያስፈልገዋል። የፈቃድ መቆጣጠሪያውን ሆን ብሎ አጥፍቶ ፈተናው «ወደቀ» ማለቱን ያላየ ሰው፣ «አለፈ» የሚለውን ቃል ለማመን ምክንያት የለውም። ሦስተኛው፣ እያንዳንዱ ጉዳት ወደ ፈተና መለወጥ አለበት። አዲስ የዋግ ዝርያ በተገኘ ቁጥር በሚቀጥለው ዓመት ዝርያዎች በእርሱም ፊት ይፈተናሉ። በፕሮግራምም የተገኘ ስሕተት ከመታረሙ በፊት ስሕተቱን የሚያሳይ ፈተና ይጻፍለት፤ ከዚያ በኋላ ያው ስሕተት ሳይታወቅ ሁለተኛ አይመለስም። አራተኛው፣ ፈተና ጊዜ ያልፍበታል። እንኮይ ሃያ ዓመት ታመነ፤ ዲገሉ ከሰፊው መታመኑ በኋላ ጥቂት ዓመት ብቻ ቆየ። የፕሮግራሙ አካባቢ፣ ተጠቃሚውና አጥቂው ሲለወጡ የትናንቱ ምስክርነት ለዛሬ አይበቃም።

አምስተኛ ነገርም አለ፤ እርሱ ግን በማንኛውም መሣሪያ የሚፈተሽ አይደለም። ትራክተሩ ፈተናውን ሁሉ አልፎ ጭሰኛውን አፈናቅሏል። ኮንትሮለርም ያለ እንከን «አይፈቀድም» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ነገር ግን የተከለከለው ሰው ስሙ በመዝገብ በሁለት ዓይነት ፊደል ስለ ተጻፈ ብቻ መብቱን ያጣ አረጋዊ ገበሬ ሊሆን ይችላል። ፈተናው ደንቡ መከበሩን ያያል፤ ደንቡ ትክክል መሆኑን ግን አያይም። ይህን ማየት የመሐንዲሱና ሥራውን ያዘዘው ክፍል ኃላፊነት ነው። ማንኛውም አውቶማቲክ መሣሪያ ይህን ኃላፊነት ከትከሻቸው ላይ አያወርድላቸውም።

ማጠቃለያ

በአገራችን ብዙ የፕሮግራም ሥራዎች በጨረታ ይሰጣሉ። በጨረታው ሰነድ ውስጥ የገጾቹ ቀለምና የማስረከቢያው ቀን በዝርዝር ሲጻፉ ፍተሻው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። ድልድይ ሲሠራ የኮንክሪቱ ናሙና ውጤት ከሥራው ጋር እንደሚቀርብ ሁሉ፣ ፕሮግራም ሲረከብም የተጻፉት ፈተናዎች ከፕሮግራሙ ጋር እንዲቀርቡ፣ ተረካቢውም ራሱ እንዲያስኬዳቸው በውል ቢጠየቅ ወጪው ብዙ አይደለም። አንድ ፈተና ለመጻፍ የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት አንዲት የመጋቢት ሌሊት ካስከተለችው ጣጣ ጋር ሲመዛዘን ከቁጥር የሚገባ አይሆንም።

ዝናቡ ሲጸናና የአርሲ ደጋ ማሳዎች ሲለሰልሱ በቁሉምሳ የስንዴ ዝርያዎች በየመደባቸው እንደገና ይዘራሉ። ባለፈው ዓመት የተመሰገነው ዝርያ ከአዲሶቹ ጋር አብሮ ይሰለፋል፤ በመካከላቸውም በቀላሉ የሚታመመው ስንዴ ይዘራል። ባለፈው ዓመት አልፏል ተብሎ ከመሰለፍ የሚቀር የለም።